ሁለቱ ጂቲ 730

"ግራፊክስ ካርዱ ተቃጥሏል" ሲባል ቶሎ አላምንም። የተቃጠለ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ስክሪኑን ያዥጎረጉረዋል፣ ወይ ጭራሽ ምስል አይሰጥም። አባይ ማዶ ካለ ጌም ቤት ተጠርቼ ያየሁት ኮምፒውተር ግን በሰላም ይከፈታል። እምቢ ያለው ማይንክራፍት ብቻ ነው።

ባለቤቱ ገና ከባጃጅ ሳልወርድ ጀመሩ። "ጌሙን ስንቴ ጫንኩት መሰለህ! ባለሙያ ተብዬው ደግሞ ካርዱ አልቆለታል፣ ሌላ ግዛ አለኝ።"

"ጋሼ፣ በፊትስ ይሠራ ነበር?"

"እንዴታ! ሁሉንም ፎርማት ካስደረግኩ ወዲህ ነው እንጂ። አጠገቡ ያለው ያው ካርድ ነው፣ ያው ጌም ነው፤ እሱ ምን ሆነ?"

ከፎርማት በኋላ የመጣ ችግር ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ድራይቨሩን ነው፣ ዊንዶውስ ካርዱን የሚያሠራበትን ሶፍትዌር። አይኮኖቹም ከልክ በላይ ተልቀዋል። ዲቫይስ ማኔጀርን ስከፍት ካርዱ በስሙ የለም፤ በቦታው "ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር" ይላል። ዊንዶውስ ትክክለኛውን ድራይቨር ሲያጣ በዚህ ነው የሚሠራው። ለዎርድና ለኤክሴል ይበቃል። ለጌም ግን ኦፕንጂኤልን፣ ማለትም ጌሞች ምስል ለመሳል ካርዱን የሚያዙበትን መንገድ፣ በ1.1 ስሪት ብቻ ነው የሚሰጠው፤ የማይንክራፍት የጃቫ ስሪት ደግሞ ከ1.17 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ቢያንስ 3.2 ይፈልጋል። አልከፈት ማለቱ አይገርምም።

ጋሼ ለሁሉም ኮምፒውተሮች የተጠቀሙበትን ድራይቨር ከፍላሽ ጫንኩት። "ተስማሚ ግራፊክስ ሃርድዌር አላገኘሁም" ብሎ ቆመ።

"አላልኩህም? ተቃጥሏል!"

ካርዱን ነቅዬ ደህናው ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። ችግሩ ተከትሎት ሄደ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው "በቃ ካርዱ ነው" ብሎ የሚጥለው። እኔ ሃርድዌር አይዲውን፣ የካርዱን ትክክለኛ ማንነት የሚናገረውን ኮድ፣ አየሁ። "ዴቭ" ከሚለው ቀጥሎ የደህናው 1287 ይላል፣ የዚህኛው 0ኤፍ02። ሁለቱም ጂቲ 730 በሚል የሞዴል ስም የተሸጡ ናቸው፤ ቺፓቸው ግን ለየቅል ነው። የደህናው ኬፕለር የሚባለው የቺፕ ትውልድ ነው፣ 384 ኮር (ስሌት የሚሠራ ክፍል) ያለው። የዚህኛው የቀድሞው ትውልድ ፌርሚ ነው፣ ያለው 96 ብቻ። የፍላሹ ድራይቨር ደግሞ የ470 ተከታታይ ነበር፤ ያ ኬፕለርን እንጂ ፌርሚን አያውቅም። የፌርሚ የመጨረሻው 391.35 ነው፣ የ2018 እ.ኤ.አ.። ኮምፒውተሮቹ ኢንተርኔት ቢኖራቸው ኖሮ ዊንዶውስ ራሱ ፈልጎ ሊያመጣው ይችል ነበር።

ካርዱን ወደ ቦታው መልሼ 391.35ን በስልኬ ዳታ አወረድኩ። ሊያልቅ ሲል መብራት ሄደ። ጋሼ ቡና አዘዙልኝ፤ ተራ የሚጠብቁት ልጆች ግን አንዳቸውም አልሄዱም። መብራቱ ሲመጣ ጫንኩት፣ ሪስታርት አደረግኩት፣ አይኮኖቹ ወደ ልካቸው ተመለሱ። ማይንክራፍት ከፈተ። እርግጥ 96 ኮር 96 ኮር ነው፤ የእይታ ርቀቱን ዝቅ አድርጌ ነው ደህና የሄደው። ከመሄዴ በፊት ሁለቱንም ድራይቨር ፍላሹ ላይ ለየብቻ አስቀመጥኩና ኬዞቹ ላይ የቺፑን ስም በማርከር ጻፍኩ።

በቀደም ጋሼ ካርድ ሊገዙ ሄደው ከሱቁ ደወሉልኝ። "ሰውዬው ጂቲ 730 ነው ይለኛል፤ የትኛው እንደሆነ ሰክተህ አሳየኝ ብለው ተቆጣ።"

"ታዲያ ምን አሉት?"

"ምን እለዋለሁ፣ ትቼው ወጣሁ።"