ምጣድ፣ ቦይለር፣ ከሰል፦ ቆጣሪያችንን ስከታተል ያየሁት

ሰላም ጓዶች፣ ባለፈው መብራት ስለመቆጠብ ስናወራ የያዝኩትን ነገር አካፍላችኋለሁ ብዬ ነበር፣ ይኸው። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፣ የራሳችን የካርድ ቆጣሪ አለን፣ ይሄ ራሱ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ድሮ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ስንኖር ቆጣሪው የጋራ ስለነበር ማን ስንት እንደሚፈጅ አይታወቅም፣ አከራይ ሁሉ ገና ቤቱን ሲያሳይ "ምጣድ አይቻልም" የሚለውም ለዚሁ አይደል።

ቆጥቡ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት አምፖል ማጥፋት ነው። እኔ ግን አምፖሉን ለጊዜው ተዉት ነው የምለው። ቤት ውስጥ መብራት የሚጨርሰው የሚያሞቅ ነገር ነው፣ በቃ። 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል አንድ ኪሎዋት አወር (ከዚህ በኋላ ዩኒት እያልኩ ልቀጥል) ለመጨረስ ከ110 ሰዓት በላይ በርቶ መቆየት አለበት፣ የኛ ምጣድ ደግሞ 3.5 ኪሎዋት ስለሆነ ያንኑ አንድ ዩኒት በ17 ደቂቃ ውስጥ ጭልጥ ያደርገዋል። ልጆቹን "አምፖል አጥፉ!" እያልን ስንጮህ ቦይለሩ ከጠዋት እስከ ማታ ተሰክቶ ይውላል፣ ነገሩ እንዲህ ነው።

እንዴት ነው የምለካው ለምትሉ፣ ምንም ዕቃ አልገዛሁም። የካርድ ቆጣሪ የቀረውን ዩኒት ያሳያል፣ እንጀራ ከመጋገሩ በፊት ማየት፣ ሲያልቅ ማየት፣ መቀነስ። ሌላው ደግሞ ቆጣሪው ላይ ብልጭ ብልጭ የምትለው ቀይ መብራት ናት። አጠገቧ ቁጥር ተጽፏል፣ የኛ 1600 ነው የሚለው፣ 1600 ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ዩኒት ሄደ ማለት ነው፣ እናንተ ጋ ሌላ ቁጥር ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እዩት። ሌላውን ሁሉ አጥፍታችሁ አንድ ዕቃ ብቻ ትከፍቱና በሞባይል ሰዓት ይዛችሁ አንድ ደቂቃ ትቆጥራላችሁ፣ 40 ጊዜ ብልጭ ካለች 40 በ60 አባዝታችሁ ለ1600 ስታካፍሉት 1.5 ኪሎዋት ይመጣል። ቦይለራችን ልክ እንደዛ ነው ያወጣው፣ ላዩ ላይ ከተጻፈው ጋርም ገጠመ። ኮሪደር ላይ ቆሜ ቆጣሪ ላይ ሳፈጥ ያዩኝ ጎረቤቶች ከመብራት ኃይል የመጣሁ መስሏቸው ስለ መስመራቸው ብሶት ነግረውኛል ሃሃ።

ወደ ምጣዱ ልምጣ፣ ዋናው እሱ ስለሆነ። የኤሌክትሪክ ምጣድ የምታውቁት ነው፣ ከሸክላው ሥር በተቦረቦረው መስመር ውስጥ ሽቦው ይዞራል፣ በጀሶ ይደፈናል፣ ብዙዎቹ ቴርሞስታት የላቸውም፣ እኛ ቤት ቴርሞስታቱ እናቴ ናት፣ ውሃ ጠብ አድርጋ በድምፁ ታውቃለች፣ ሲበዛ ታጠፋለች፣ ሲቀዘቅዝ ትመልሳለች። አንድ ተኩል ሰዓት ሙሉ ከተከፈተ አምስት ዩኒት ገደማ ይሄዳል። ሳምንት ሁለቴ የሚጋገርበት ቤት በወር 45 ዩኒት አካባቢ ለእንጀራ ብቻ ማለት ነው። ታሪፉ ላይ ዝቅተኛው እርከን እስከ 50 ዩኒት አይደለም እንዴ? እንጀራው ብቻውን ሊጨርሰው ምንም አልቀረውም። ከመስከረም 2017 ወዲህ ደግሞ ዋጋው በየሩብ ዓመቱ ከፍ እያለ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ እርከኑን ማወቅ ይጠቅማል።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን ማሟቂያው ነው። የመጀመሪያው እንጀራ ከመውጣቱ በፊት ሸክላው እስኪግል ከሩብ ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ አንድ ዩኒት ሊጥ ሳይነካው ሄደ። ይሄን ለእናቴ ስነግራት "እሱንማ ድሮስ ማን አጣው፣ በእንጨት ጊዜም ምጣድ አንዴ ከጋለ ጎረቤት ሊጡን ይዞ ይመጣ ነበር" አለችኝ። እና አሁን ከታች ፎቅ ካሉት እማማ ጋር ተራ ገብተናል፣ አንድ ሳምንት በኛ ምጣድ፣ አንድ ሳምንት በሳቸው፣ እኛ ስንጨርስ እሳቸው ይቀጥላሉ፣ ማሟቂያው አንድ ይሆናል። ችግሩ የሁለቱ ቤት ሊጥ እኩል አይደርስም፣ የሳቸው ቶሎ ይኮመጥጣል፣ አብሲት የሚጣልበትን ሰዓት ተነጋግሮ ማስተካከል ያስፈልጋል፣ ይሄን እነሱ ናቸው የጨረሱት እኔ አልገባሁበትም። የመጨረሻው እንጀራ ላይ ደግሞ ማብሪያው ቀድሞ ይጠፋል፣ ሸክላው በያዘው ሙቀት ይበስላል፣ ከዛ በኋላም ምጣዱ ላይ የተረፈ እንጀራ ቆራርሶ መዘርጋት ነው፣ ድርቆሽ ይሆናል።

ሰዓቱም ለውጥ አለው። ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ባለው ሁሉም ሰው ስለሚጠቀም እኛ ሰፈር ቮልቴጁ ይወርዳል፣ የምጣድ ጉልበት ደግሞ ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይደለም የሚቀንሰው፣ በካሬው ነው፣ 220 የነበረው 180 ከገባ ምጣዱ የሚያወጣው ሙቀት ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ይሆናል። ሰው ቮልቴጅ ከወረደ ፍጆታም ስለሚወርድ ጥሩ ነው ይላል፣ አይደለም፣ ምክንያቱም ምጣዱ እስኪግል ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ያን ሁሉ ጊዜ በጎንና በሥር ሙቀት እየለቀቀ ነው፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ስለዚህ የኛ ጋገራ ወደ ቅዳሜ ረፋድ ዞሯል።

ቦይለር፦ 50 ሊትሩን ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 2.4 ዩኒት አካባቢ ይፈልጋል፣ ተሰክቶ ሲውል ደግሞ የቀዘቀዘውን ያህል እየደጋገመ ያሞቃል። አንድ ሰው በባልዲና በጆግ ሲታጠብ ግን 10 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ሩብ ዩኒት ይበቃዋል። እኛ አሁን ቦይለሩን ሁላችንም ተከታትለን የምንታጠብ ቀን ብቻ ነው የምንከፍተው። የጸሐይ ማሞቂያ ባስገባ ደስ ይለኝ ነበር፣ ኮንዶሚኒየም ላይ ጣሪያው የጋራ ስለሆነ ስንቱን ሰብስቤ አስፈርሜ እንደምችለው እንጃ።

ወጥ ላይ አንድ ነገር ልበል። አዲስ አበባ ከፍታው 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ለዛ ነው ሽምብራና ባቄላ አልበስል ብሎ የሚያስቸግረን፣ ስቶቩን ብትጨምሩት ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዛ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ ማታ መዘፍዘፍ፣ ከተቻለ ፕሬሸር ኩከር። እሱ ከሌለ ድስቱ በደንብ ከፈላ በኋላ ክዳኑን ገጥሞ በወፍራም ብርድ ልብስ ጥቅልል አድርጎ ማስቀመጥ ነው፣ ክክ በዚህ ጥሩ ይለሰልሳል፣ ቁሌቱ ሲደርስ መጨመር ብቻ። ቦሎቄን ግን በዚህ መንገድ አትሞክሩ፣ በኃይል ካልፈላ ሆድ ያውካል።

ፍሪጅ፣ ሪሲቨር ምናምን ላይ ብዙ አልቆይም፣ 10 ዋት የሚበላ ነገር ወሩን ሙሉ ከተሰካ 7 ዩኒት ነው፣ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ "መብራታችን ከውሃ ነው፣ ጭስ የለው፣ ምን አስጨነቀህ" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ከ90 በመቶ በላይ ከግድብ ነው የሚመጣው፣ ሕዳሴም ጳጉሜ 2017 ተመርቋል። ግን የሰፈራችን ትራንስፎርመር ግድቡ ስለተመረቀ አላደገም፣ ማታ ማታ ሲጨናነቅ የሚጠፋብን እኛው ነን፣ ገና መስመር ያልደረሰው የገጠር ሰው ደግሞ ስንት ነው። ከሱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ አንዳንዱ ሰው ካርድ ቶሎ እንዳያልቅ ብሎ ወደ ከሰል ሲመለስ ነው። ይሄ ቁጠባ አይደለም። ከሰሉ ዛፍ ነው፣ ያውም በአፈር ተሸፍኖ ሲከሰል ጉልበቱ ከግማሽ በላይ እዛው ጫካ ውስጥ ባክኖ የቀረ ዛፍ፣ በዛ ላይ መስኮት በተዘጋ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የከሰል አየር ሰው ይገድላል፣ በክረምት ስንት ጊዜ እንሰማለን። እኛ ቡናውን ሳይቀር ወደ ትንሿ ስቶቭ አዙረነዋል፣ ቆጣሪው ትንሽ ቢጨምርም ጨመረ ነው። እናቴ ጀበናው ከሰል ላይ ሲሆን ነው የሚጣፍጠው ትላለች፣ እሷ ጋ አልከራከርም፣ ለበዓል በረንዳ ላይ ትፈቀድላታለች።

ቀጥሎ መለካት የምፈልገው ከሥሩ ሙቀት መያዣ ፋይበር የተደረገለትን ምጣድ ነው፣ ሻጮቹ በጣም ያወሩለታል፣ እኛ ጋ ያለው ግን የድሮው ስለሆነ ማነጻጸር አልቻልኩም። ያላችሁ ካላችሁ ከማብራታችሁ በፊትና ከጨረሳችሁ በኋላ ያለውን የቆጣሪ ቁጥር፣ ስንት እንጀራ እንደወጣ፣ ምጣዱ ስንት ኪሎዋት እንደሆነ ጻፉልኝ፣ የጋገራችሁበትን ሰዓትም አትርሱ።