ትልቅ ፓምፕ ያላሞቀው ፎቅ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ ወገኖቻችንም በሚኖሩበት በፔትወርዝና በዙሪያው ባሉ ሰፈሮች፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና ከዚያም ቀደም ብሎ የተሠሩ ግድግዳቸው የተያያዘ የጡብ ቤቶች ሞልተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ እስከ ዛሬ የሚሞቁት፣ ምድር ቤት ካለው ቦይለር (የውኃ ማሞቂያ) ተነሥቶ በየክፍሉ በሚዞር ሙቅ ውኃና በከባድ የካስት አይረን ራዲያተሮች፣ ማለትም ሙቁ ውኃ ውስጣቸው እያለፈ ክፍሉን በሚያሞቁ ብረቶች ነው። ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ ለጥገና ተጠርቼ የገጠመኝን የምጽፈው፣ ባለቤቲቱ ለችግሩ ብዙ ገንዘብ ካወጡ በኋላ መፍትሔው የተገኘው አንድም ዕቃ ሳይገዛ በመሆኑ ነው።

ባለቤቲቱ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። በክረምት የታችኛው ፎቅ መስኮት እስኪያስከፍት ድረስ ሲግል፣ ላይ ያሉት መኝታ ክፍሎች ግን በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ካልተደጎሙ አይታደርባቸውም ነበር። አስቀድሞ የመጣ ድርጅት ቦይለሩን ለወጠ፤ ለውጥ ስላልታየ ሌላው መጥቶ ፓምፑን ቀየረ፤ እሱም አልበቃ ሲል ከቀድሞው የበለጠ ጉልበት ያለው ፓምፕ ተተከለ። ከረዳቴ ጋር ገና ወደ ምድር ቤት ስንወርድ፣ «ልጄ፣ አንተም ከዚህ የበለጠ ፓምፕ ግዢ ልትለኝ ነው?» አሉኝ። «እማማ፣ ሳልመረምር ምንም እንዲገዙ አልነግርዎትም» አልኳቸው።

የውኃ ዝውውር ሲበላሽ የሚጠረጠሩት ነገሮች ብዙ አይደሉም፤ ችግሩ ብዙ ባለሙያ በቅደም ተከተል ሳያጣራቸው ዕቃ ወደ መቀየር መሮጡ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ግፊቱን ነው። አንድ ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ውኃን 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይገፋል፤ ስለዚህ ከጌጁ፣ ማለትም ከግፊት መለኪያው፣ ስድስት ሜትር ከፍ ብሎ ላለ ራዲያተር ስምንት ተኩል ገደማ ያስፈልጋል፣ ትንሽ መጠባበቂያ ሲጨመርበት የተለመደው 12 ይሆናል። ጌጁ ሥርዓቱ ቀዝቅዞ ሳለ 12 ያሳይ ነበር። ቀጥሎ ፓምፑን አጥፍቼ የላይኞቹን ራዲያተሮች አየር ማስተንፈሻ ብሎን ከፈትኩ። ፓምፑን ማጥፋቱ ችላ የሚባል ጉዳይ አይደለም፤ በብዙ አሮጌ ቤቶች ፓምፑ የሚቀመጠው በመመለሻው ቧንቧ ላይ፣ ውኃው ሲሞቅ የሚጨምረውን መጠን ወደሚቀበለው የማስፋፊያ ታንክ አቅጣጫ እንዲገፋ ሆኖ ነው። እንዲህ ሲሆን በሚሠራበት ሰዓት የላይኛውን ፎቅ ግፊት ስለሚቀንስ፣ አየር እናወጣለን ብለን አየር ልናስገባ እንችላለን። ከአራቱም ራዲያተሮች ወዲያውኑ ውኃ ወጣ፤ አየር አልነበረም።

ፓምፑስ በእርግጥ ውኃ እያንቀሳቀሰ ነው ወይ? ሞተር መጮኹ ማስረጃ አይሆንም፤ በአሮጌዎቹ ፓምፖች ሞተሩንና ውኃ መግፊያውን የሚያገናኘው ክፍል ተሰብሮ ሞተሩ ብቻውን ሲዞር በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ማስረጃው ያለው በሙቀት ልዩነት ላይ ነው። ከቦይለሩ የሚወጣውንና የሚመለሰውን ቧንቧ ስለካ ልዩነታቸው በጣም ትንሽ ነበር፤ ይህም ማለት ውኃው በብዛት ይዞራል፣ ግን ሙቀቱን ሳይሰጥ በአጭር መንገድ ይመለሳል ማለት ነው።

ላይ ወጥቼ ራዲያተሮቹን በእጄ ዳሰስኩ። ራዲያተር አናቱ ቀዝቅዞ ሥሩ ቢሞቅ አየር፣ አናቱ ሞቆ ሥሩ ቢቀዘቅዝ ደግሞ የብረት ዝገት አተላ ይጠረጠራል። እዚህ ግን ሁለቱም አልነበሩም። ውኃ የሚገባበት ቫልቭ እጅ አያስነካም፤ የሚወጣበት ቧንቧ ከክፍሉ አየር ብዙም አይለይም። የመኝታ ክፍሎቹም የመታጠቢያ ቤቱም እንዲሁ ነበሩ። አተላ አራት ራዲያተሮችን እኩል አይዘጋም፤ እኩል የተሠራ ነገር ካየን የሰው እጅ አለበት ብለን መጠርጠር አለብን። የታችኛውን ፎቅ ራዲያተሮች ቫልቭ ለጊዜው ዘግተን ስንጠብቅ የላይኞቹ ቀስ በቀስ መሞቅ ጀመሩ፤ ስለዚህ መንገዱ ጠባብ እንጂ ዝግ አልነበረም።

ቤቱ ሲሠራ ፓምፕ አልነበረውም፤ የድንጋይ ከሰል ቦይለር ነበረው፣ ውኃውም የሚዞረው በራሱ ክብደት ልዩነት ነበር። አንድ ሊትር ውኃ በ80 ዲግሪ ሴልሺየስ 972 ግራም፣ በ60 ዲግሪ 983 ግራም ያህል ይመዝናል። በአምስት ሜትር ከፍታ ላይ ይህ ልዩነት የሚሰጠው ግፊት ስድስት ሴንቲ ሜትር የውኃ ከፍታ እንኳ አይሞላም፤ ያን የመሰለ ወፍራም ቧንቧ የተዘረጋውም ይህች ትንሽ ግፊት እንዳትባክን ነው። በዚህ አሠራር ከፍታው በጨመረ ቁጥር ግፊቱ ስለሚጨምር፣ ሙቁ ውኃ የላይኛውን ፎቅ ይመርጣል፣ ታችኛው ይቀዘቅዛል። የዚያ ዘመን ባለሙያዎች ይህን ስለሚያውቁ በላይኛው ፎቅ ራዲያተሮች መግቢያ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያላት የብረት ሳህን ያስገቡ ነበር፤ በሥራቸው ሁልጊዜ እደነቃለሁ። ከዓመታት በኋላ ፓምፕ ሲተከል ግን ሁኔታው ይገለበጣል። ፓምፕ ከፍታን አይመርጥም፤ ውኃው በብዛት የሚሄደው መቋቋም ባነሰበት መንገድ፣ ማለትም ሳህን በሌለበት በታችኛው ፎቅ ነው። ገበሬ ከወንዝ ጠልፎ በሁለት ቦይ የሚያካፍለው ውኃ፣ የጠለፋው መጠን ቢጨምርም ሰፊው ቦይ ድርሻውን ለጠባቡ እንደማይለቅ ሁሉ፣ ትልቅ ፓምፕም ክፍፍሉን አይቀይረውም።

ቦይለሩን አጥፍተን ከቀዘቀዘ በኋላ የውኃውን መጠን ከላይኛው ፎቅ በታች እስኪሆን አፈሰስን። የመጀመሪያውን ዩኒየን (ቫልቩንና ራዲያተሩን የሚያገናኘውን መጋጠሚያ) የፈታነው በሁለት ጁራቱቦ፣ ማለትም በቧንቧ መፍቻ ነው፤ አንዱ ዩኒየኑን ሲፈታ ሌላው ወደ ራዲያተሩ የገባውን ቁራጭ ቧንቧ ይይዛል፣ አለበለዚያ መቶ ዓመት ገደማ የቆየው ጥርስ አብሮ ይዞርና ራዲያተሩ ማፍሰስ ይጀምራል። ዩኒየኑ ሲከፈት ከሁለቱ ፊቶች መካከል ጥቁር ዝገት የለበሰች ስስ ሳህን ወጣች፤ መሐሏ ላይ እርሳስ የምታሳልፍ ቀዳዳ ነበረባት። ረዳቴ በጨርቅ ጠርጎ አገላብጦ ካያት በኋላ፣ «ጋሼ፣ ይሄኮ የወደቀ ቆሻሻ አይደለም፤ ተለክቶ የተበሳ ነው» አለኝ።

ከመኝታ ክፍሎቹ ሳህኖቹን አወጣን፤ የመታጠቢያ ቤቷ ራዲያተር ትንሽ ስለሆነች የእሷን በቦታው ተውናት። ውኃውን ሞልተን ግፊቱን ወደ 12 መለስን፣ አየሩን ከታችኛው ፎቅ ጀምረን ወደ ላይ አስወጣን። የፓምፑንም ፍጥነት ወደ ዝቅተኛው አወረድን። ከዚያ የታችኛውን ፎቅ ቫልቮች በጥቂት በጥቂቱ እያጠበብን፣ እያንዳንዱ ራዲያተር ሙቀቱ እስኪረጋ እየጠበቅን አስተካከልን። ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እነዚህ ከባድ ብረቶች ቀስ ብለው ይሞቃሉና ቸኩሎ ደጋግሞ የሚነካካ ሰው ያሳስታቸዋል። አንደኛው ቫልቭ ደርቆ ስለነበር አላስገደድነውም፤ በጉልበት የሚዞር አሮጌ ቫልቭ ግንዱ ሊሰበር ይችላል።

ሲመሽ የላይኞቹ ራዲያተሮች መመለሻ ቧንቧም ሞቀ። እማማ ወደ ላይ ወጥተው በየክፍሉ እየዳሰሱ ካረጋገጡ በኋላ የኤሌክትሪክ ማሞቂያዎቹን ራሳቸው ነቀሉ። ያወጣናቸውን ሳህኖች በላስቲክ ጠቅልለን ከቦይለሩ አጠገብ አንጠለጠልን፤ ከየትኛው ክፍል እንደወጡ፣ አንዷ የት እንደቀረች፣ የታችኞቹ ቫልቮች ምን ያህል እንደተከፈቱና ፓምፑ በየትኛው ፍጥነት ላይ እንዳለ በወረቀት ጽፈን አብረን አሰርን፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ባለሙያ የላይኛው ፎቅ ለምን እንደሞቀ አንብቦ እንዲያውቅ።