የስድስት ወር የቲቢ ሕክምናዬን ከሥራዬ ጋር እንዴት ጨረስኩ

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቴን ስድስት ወር ሙሉ ሳላቋርጥ ጨርሻለሁ፤ በዚህም እኮራለሁ። ይህን የምጽፈው መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ሁሉ በቸልተኝነት ሲወቀስ መስማት ስለሰለቸኝ ነው። የአክታ ምርመራው፣ በክብደቴ ልክ የክኒኑ ብዛት መወሰኑ፣ መድኃኒቱም ያለ ክፍያ መሰጠቱ ያለ እንቅፋት አለፈ።

ፈተናው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ነበሩ። ሪፋምፒሲን፣ አይሶኒያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል የተባሉት አራት የቲቢ መድኃኒቶች በአንድ ክኒን ተጣምረው ይሰጣሉ፤ ታካሚውም በየቀኑ ጤና ጣቢያ ሄዶ በባለሙያ ፊት እንዲውጥ ይጠበቃል። እኔ መምህር ነኝ፤ ክፍል የምገባው ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን የቲቢ ክፍሉ የሚከፈተው ግን ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ነበር። ሰዓቱ እንዲታሰብበት ደጋግሜ ብጠይቅም «አሠራሩ ይኸው ነው» ከማለት በቀር የሰማኝ አልነበረም። አብሮኝ ወረፋ ይጠብቅ የነበረ የቀን ሠራተኛ፣ ካረፈደ የዕለት ሥራው ለሌላ ስለሚሰጥበት፣ ሳሉ ጋብ እንዳለለት መምጣቱን ተወ። ሳሉ ጋብ የሚለው አብዛኛው ባክቴሪያ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሚሞት ነው፤ አድፍጦ የሚቀረውን የሚጨርሱት ግን የቀሩት ወራት መሆናቸውን፣ ሕክምናው ሲቋረጥም መድኃኒቱን የተላመደ ቲቢ ሊነሣ እንደሚችል ቁጭ አድርጎ ያስረዳው አልነበረም። አንዲት እናት ደግሞ ሽንታቸው ሲቀላ ኩላሊታቸው የደማ መስሏቸው ክኒኑን አቁመው ነበር፤ ሪፋምፒሲን ሽንትንና ላብን እንደሚያቀላ ለመንገር ግማሽ ደቂቃ ይበቃ ነበር።

በመጨረሻ ኃላፊዋ ዘንድ ገብቼ ስሟገት፣ ቤተሰብ ተመዝግቦ የመድኃኒቱን አወሳሰድ መከታተል እንደሚችል ተነገረኝ፤ እኅቴ ተመዘገበችልኝ። ይህ አማራጭ ከመጀመሪያው ያልተነገረን ለምን እንደሆነ እስካሁን ያበሳጨኛል።

«በባዶ ሆድ ብቻ» የሚለው ምክር ለመድኃኒቱ መመጠጥ እንደሚበጅ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ለሚያቅለሸልሸው ሰው ተውጦ ከሚመለስ ክኒን ይልቅ ከቁራሽ ዳቦ ጋር ተወስዶ የሚረጋ ክኒን ይሻላል እላለሁ። በጾም ወቅትም ማቋረጥ አያሻም፤ የንስሐ አባቴ ያለ ማንገራገር ፈቅደውልኛል። የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን የሚወስዱ ሴቶች ሪፋምፒሲን ኃይሉን ስለሚያዳክመው ሌላ ዘዴ እንዲሰጣቸው ይጠይቁ። የጤና ጣቢያ ኃላፊዎችም ሠራተኛ የሆነ ታካሚ ሥራ ከመግባቱ በፊት፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ የቲቢ ክፍሉን ይክፈቱልን።