ጭንቅላት ውስጥ የሚጠመቀው

ቤተሰብ ውስጥ አንድ ሰው መጠጥ ሲጠናበት መጀመሪያ የሚፈለገው ያስጀመረው ጓደኛ ነው አይደል? እሱ ከተገኘ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ሰሞኑን ስለ አልኮልና ስለ አንጎል ሳነብ ይሄ ፍለጋ ምን ያህል ከንቱ እንደሆነ ነው የገባኝ።

ጉበት አልኮልን መጀመሪያ ወደ አሴታልዴሃይድ ከዛ ወደ አሴቴት ይቀይረዋል። አሴታልዴሃይድ መርዝ ነው፣ ደም ውስጥ ሲጠራቀም ፊት ይቀላል ልብ ይመታል ያቅለሸልሻል። ከቻይኖች ጋር የሰራ ሰው ያውቀዋል፣ ሳይት ላይ አብሮን የነበረ ሱፐርቫይዘር ግማሽ ቢራ ሳይጨርስ ከአንገቱ እስከ ጆሮው ቀይ ይሆን ነበር፣ እኛ ደግሞ እየሳቅን "ጨርሳት እንጂ!" እንለዋለን። ምስራቅ እስያ ውስጥ ብዙ ሰው መርዙን የሚያጠፋው ኢንዛይም ደካማ ሆኖበት ነው የሚወለደው፣ ስለዚህ ሱስ የመያዝ እድሉም ይቀንሳል። እኤአ በ1948 ዴንማርኮች ያስተዋወቁት ዳይሰልፊራም የሚባለው የመጠጥ ማስተዊያ ኪኒንም የሚሰራው ይሄንኑ ኢንዛይም በመዝጋት ነው (ሰውየው ኪኒኑን ትቶ ከጠጣ ግን ያው ነው)።

እዚህ ድረስ መርዙ ከመጠጥ ያርቃል ማለት ነው። ግን ደም ውስጥ ያለው ወደ አንጎል እምብዛም አይገባም፣ አንጎል የራሱን ከአልኮሉ እዛው ይሰራል፣ በዋናነት ካታሌዝ በሚባል ኢንዛይም። እና እዛ ሲሰራ ውጤቱ ተገላቢጦሽ ነው፣ ዶፓሚን የሚባለውን የደስታ ኬሚካል ያስለቅቃል፣ ሞቅ ያደርጋል፣ ድገም ድገም ያሰኛል!

ቺሊ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጠጪ እንዲሆኑ በየትውልዱ እየተመረጡ የተዳቀሉ አይጦች አሉ። አንድ ጠርሙስ ውሃ አንድ ጠርሙስ አልኮል ይቀርብላቸዋል፣ እነሱ ወደ አልኮሉ ነው የሚሄዱት። እኤአ በ2011 የወጣ ጥናት ላይ ተመራማሪዎቹ ዶፓሚን የሚመነጭበት የአንጎል ክፍል ላይ ካታሌዝን የሚያፍን ቫይረስ ወጓቸው፣ አይጦቹም የሚጠጡትን ከ90 በመቶ በላይ ቀነሱ።

በጣም የገረመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ያንኑ መርፌ ለረጅም ጊዜ ሲጠጡ ለከረሙ አይጦች ሲሰጧቸው ምንም አልሰራም፣ መጠጣታቸውን ቀጠሉ። ያስጀመራቸው ሌላ፣ ያስቀጠላቸው ሌላ!

ከሚያስቀጥሉት ነገሮች አንዱ አሴቴት ሳይሆን አይቀርም። የአዘውታሪ ጠጪ አንጎል አሴቴትን ከሌላው ሰው በበለጠ እንደ ነዳጅ ይጠቀማል፣ ይሄ ሰው ላይ ተለክቷል። እኤአ በ2019 ደግሞ የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች አይጦች ላይ እንዳሳዩት ከአልኮል የመጣ አሴቴት ትውስታ የሚቀመጥበት የአንጎል ክፍል ገብቶ የጂኖችን ስራ ይቀይራል፣ አይጧም አልኮል ያገኘችበትን ሳጥን ትመርጣለች፣ አሴቴቱን የሚጠቀመው ኢንዛይም አስቀድሞ ሲቀነስባት ግን የሳጥኑ ፍቅር አያድርባትም። አይጥ አይጥ ናት እሺ፣ ግን ካቆመ በኋላ በድሮ ግሮሰሪው በር ሲያልፍ የሚርበተበት ሰው አይቼ አውቃለሁ።

አንድ ዘመዴ ካቆመ ወዲህ ሰፈር ሳይደርስ ከታክሲ ይወርድና ዞሮ በጀርባ መንገድ ነው ቤቱ የሚገባው። አማቱ "ያን ያህል ካስፈራህማ አላቆምክም ማለት ነው" ብለውት ነበር፣ እሱም ዝም ብሎ በጀርባ መንገዱ ቀጠለ። እኔ ለሱ ነው የማደላው።