በዲቪ ገብተን፣ አምስት ዓመት ሳንጠብቅ

ሜሪላንድ ስንገባ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ቀድመውን የመጡ ዘመዶች በአንድ አፍ «ግሪን ካርድ ይዛችሁ አምስት ዓመት ካልሞላችሁ ሜዲኬይድ (መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ) የለም» አሉን። አልዋሹም፤ በ1996 የወጣው የአሜሪካ ሕግ እንደዚያ ይላል። ከ2009 ወዲህ ግን ስቴቶች ለነፍሰ ጡሮችና ለልጆች ይህን አምስት ዓመት የመጠበቅ ግዴታ ማንሳት ይችላሉ፤ ሜሪላንድም አንስታዋለች። ዘመድ የሚነግራችሁ የራሱን ጊዜ ታሪክ ነው።

ማመልከቻውን ኦንላይን ስንሞላ ግሪን ካርዱ ገና በፖስታ አልደረሰም። ፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈው የዲቪ ቪዛ ግን ኤርፖርት ላይ ማህተም ከተመታበት ለአንድ ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ይሠራል። ፎርሙ የሚጠይቀው ኤ ነምበርም (የኢሚግሬሽን መለያ ቁጥር) እዚያው ቪዛው ላይ «ሬጅስትሬሽን ነምበር» ከሚለው ሥር ተጽፏል። ማህተሙና ቀኑ ጥርት ብለው እንዲታዩ ገጹን መስኮት ዳር አድርጌ አነሳሁትና አያያዝኩት። ቀጥሎ ደውዬ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠየቅሁ፤ በነጻ ነው፣ አትፈሩ። ሌላው መስፈርት ከተሟላ፣ የኢሚግሬሽን ወረቀት እስኪጣራ ተብሎ ሽፋን አይዘገይም፤ ማስረጃ ለማቅረብ 90 ቀን ይሰጣል። ይህን ማወቄ ስልክ ላይ ብዙ ጠቀመኝ። የባለቤቴ ተፈቀደ። ሕፃኑ ሲወለድ ደግሞ እናቱ ሜዲኬይድ ስላላት አንድ ዓመት እስኪሞላው በራሱ ተሸፈነ።

እኔ ላይ ግን አምስት ዓመቱ አልቀረም። ያኔ ገቢያችን ከድህነት መስመር በታች ቢሆንም ድጎማ ያለው የግል ኢንሹራንስ ገዛሁ። ይህ በር ከጥር 2026 ጀምሮ ተዘግቷል፤ አሁን የሚመጣ ሰው ድጎማውን የሚያገኘው ገቢው ከመስመሩ ካለፈ ነው። ስለዚህ ሥራ ስትይዙ የገቢ ግምታችሁን በጥንቃቄ ሙሉ።

«ሜዲኬይድ የወሰደ ዜግነት ይከለከላል» የሚለውን ወሬ ደግሞ እስካሁን እሰማለሁ። የዜግነት ማመልከቻ ላይ እንዲህ ያለ መስፈርት የለም።

አሳይለም (ጥገኝነት) ያገኙ ጓደኞቼ ነገር ነው አሁን የሚያሳስበኝ። እስካሁን አምስት ዓመቱ እነሱን አይመለከትም ነበር። በ2025 የወጣው ሕግ ግን ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለፌደራሉ ሜዲኬይድ አሳይለም ብቻውን እንዳይበቃ አድርጓል፤ ግሪን ካርድ ያስፈልጋል። አሳይለም ካገኘ አንድ ዓመት የሞላው ለግሪን ካርድ ማመልከት ይችላልና፣ ፎርሙን ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠ ካለ ዛሬውኑ ሞልቶ ይላከው።