ጉብታውን የሚቀዳው ማረሻ

አጎቴ በሰሜን ሸዋ፣ በሞረትና ጅሩ የሚያርሱት ማሳ ከሩቅ ሲታይ ገበታ ይመስላል። ሐምሌ ሲጋመስ ግን ውኃ ሦስት ቦታ ላይ ይተኛበታል፤ በእነዚያ ቦታዎች የበቀለው ስንዴም ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ዋልካ የሚባለው ይህ ጥቁር አፈር አንዴ ውኃ ከጠገበ በኋላ ወደ ታች የሚያሳልፈው እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ትርፉ በላዩ ካልወጣ ሥሩን አፍኖ ይይዘዋል።

የአካባቢው ሰው ለዚህ ችግር እንግዳ አይደለም። በእነዋሪ ዙሪያ ገበሬው ከነቤተሰቡ አፈሩን በእጁ እያፈሰ መደብና ቦይ ሲሠራ ኖሯል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ ኢልካ ይባል የነበረው የእንስሳት ምርምር ማዕከል ከአገር ውስጥ ተቋማት ጋር ሆኖ ይህን ድካም ወደ በሬ ለማዞር ሁለት ማረሻዎችን ጎን ለጎን አጣመረ። ገበሬው ቢቢኤም (በእንግሊዝኛ «ሰፊ መደብ አውጪ» የሚለው ስም ምህጻር) የሚለው ይህ መሣሪያ 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደብና 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ያወጣል፤ የቦዩ ጥልቀት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በኢትዮጵያ ካለው 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ጥቁር አፈር ውስጥ 7.6 ሚሊዮን ያህሉ ደጋ ላይ የሚገኝ በመሆኑ ሐሳቡ ትልቅ ነበር።

እኔ የምተዳደረው በብየዳ ሥራ ነው። አጎቴ መሣሪያውን ወደ እኔ ያመጡት «ቀኙ ጉብታ ላይ ሲወጣ ግራው ይንጠለጠላል» ብለው ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ሁለቱ ማረሻዎች በአንድ ድርቅ ያለ ብረት ስለታሰሩ ያንዱ መነሣት ሌላውን ይዞት ይነሣል። መካከሉን ቆርጬ በፒን አጋጠምሁትና እያንዳንዱ ለብቻው ከፍ ዝቅ እንዲል አደረግሁ። በሙከራው ቀን ቦዩን በየቦታው በዘንግ ስለካው ጥልቀቱ ከዳር እስከ ዳር 15 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ስላገኘሁት፣ ሥራው እንደተሳካ ቆጥሬ በኩራት ተመለስሁ።

ዝናቡ ሲጠና ውኃው በእነዚያው ሦስት ቦታዎች ተኛ።

ስሕተቴ የገባኝ ግንበኞች የሚጠቀሙበትን የቱቦ ውኃ ልክ ይዤ ማሳው ላይ ስወርድ ነው። 40 ሜትር ርዝመት ያለው የአንዱ ቦይ መውጫ ከመነሻው በ24 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ነበር፤ ለውኃ መውረጃ ከበቂ በላይ ነው። ነገር ግን 22ኛው ሜትር ላይ ያለው የቦዩ ወለል 15ኛው ሜትር ላይ ካለው በ6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተገኘ። መሣሪያዬ መሬቱን በታማኝነት ስለተከተለ የላይኛውን ጉብታ እንዳለ ወደ ቦዩ ወለል ቀድቶት ነበር። ውኃ የሚፈልገው እኩል ጥልቀት ሳይሆን እኩል ተዳፋት ነው፤ ይህን አለማስተዋሌ አሁንም ያሳፍረኛል። አጎቴ በአንድ ማረሻ ፈሰስ፣ ማለትም የውኃ መውረጃ ቦይ፣ ሲያወጡ ጉብታው ላይ ሲደርሱ እርፉን ጫን የሚሉት ለዚህ ኖሯል።

ስለዚህ ለየማረሻው 1.5 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ታቹ በላሜራ የተለበጠ የባሕር ዛፍ ተንሸራታች ሠራሁለትና ማረሻውን ከመካከሉ ላይ አሰርሁት። የተንሸራታቹ ፊት 8 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጓል ላይ ሲወጣ ኋላው መሬት ላይ ስለሚቆይ፣ ማረሻው የሚነሣው 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ትንንሹን ጉብታ በዚህ መንገድ ይገድለዋል። ክብደት መጨመሩ በሬዎቹን ስለሚያደክም ግን አልወደድሁትም፤ ጭቃውም ይለጠፍበታል። ብዙ ሜትር የሚሸፍን እብጠት ሲሆን ደግሞ ተንሸራታቹ ራሱ አብሮ ወጥቶ ስለሚወርድ፣ ምንም ያህል ብናሻሽለው ቢቢኤም ብቻውን አይወጣውም። በእንዲህ ያለ ቦታ ከዝቅተኛው ሥፍራ ተነሥቶ ቦዮቹን አቋርጦ ውኃውን ወደ ዳር የሚያወጣ ፈሰስ በአካፋ መቆፈር ግድ ነው።

ውኃው የሚወጣው ደግሞ ወደ ጎረቤት ድንበር ነው። ቀደም ሲል ቁልቁል የተለቀቀ ፈሰስ ጉልበት የሚደርስ ቦረቦር ስላወጣ ጎረቤታችን መጀመሪያ አልፈቀዱም ነበር። በመጨረሻም በሰኔ ሁለቱም ቤተሰቦች ወጥተው ፈሰሱን ከተዳፋቱ ጋር አግድመው፣ ውኃ ልኩን እያዩ ሣር ወዳለበት መውረጃ ወሰዱት። ከሦስቱ ቦታዎች ሁለቱ ዘንድሮ ጠንፍፈዋል። ሦስተኛው ግን ከዙሪያው መሬት ሁሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ አጎቴ ስንዴውን ትተው መስከረም ላይ ጓያ ሊዘሩበት አስበዋል።