የጀርመኑ ሴሚስተር ሲያልቅ፦ ስንብት፣ ወረቀት እና የ23 ኪሎው ሻንጣ

ለአንድ ወይም ለሁለት ሴሚስተር በልውውጥ ጀርመን ሄዶ ለሚማር ኢትዮጵያዊ ስለ መሄጃው ያልተነገረው ነገር የለም። የቪዛው ቀጠሮ፣ ለቪዛው የመተዳደሪያ ገንዘብ የሚያዝበት የታገደው የባንክ ሂሳብ፣ የማደሪያው ወረፋ በየቴሌግራሙ ተብራርቶ አልቋል። ስለ መመለሻው ግን የሚያወራ ብዙ አይገኝም፤ ጣጣው ደግሞ እዚያ ነው። ጀርመን ውስጥ በአካል ቀርበው በአሥር ደቂቃ የሚጨርሱት ጉዳይ፣ አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ወር ሁለት ወር ይጎተታል፤ ጭራሽ የማይሆንም አለ። ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፦ ከአገር ቤት ሆኖ የማይሠራው ይቅደም። ሁሉም ሰው ቀድሞ የሚጨነቅበት ሻንጣ መጨረሻ ላይ ይደርሳል።

በኢራስመስ፣ ማለትም በአውሮፓ ኅብረት የልውውጥ ፕሮግራም፣ የሄደ ሰው ቀድሞ የሚይዘው የቆይታ ማረጋገጫውን ነው። ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የጀመራችሁበትንና የጨረሳችሁበትን ቀን ጽፎ ፈርሞ የሚሰጠው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። የድጋፍ ገንዘቡ የሚሰላው በእነዚህ ቀናት ስለሆነ፣ በስምምነቱ ላይ ካለው ጊዜ አጥሮ ከተገኘ ልዩነቱን መልሱ ሊባል ይችላል። ችግሩ ቢሮዎቹ ገና ያልደረሰን ቀን ጽፈው መፈረም አይወዱም፤ ኦገስት ላይ ደግሞ ፈራሚው ሦስት ሳምንት ዕረፍት ይወጣል። ከወር በፊት ኢሜይል ልካችሁ ለመጨረሻው ሳምንት ቀጠሮ ያዙ፤ ፈራሚው ከሌለ ማን እንደሚተካውም አብራችሁ ጠይቁ።

ትራንስክሪፕቱን ይዛችሁ እንደማትሄዱ ከወዲሁ ዕወቁት። ፈተናው ጁላይ ላይ ቢያልቅ እንኳ እርማቱ ሳምንታት ይፈጃል። በኢራስመስ አሠራር ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ውጤቱ ከወጣ በኋላ በ5 ሳምንት ውስጥ ትራንስክሪፕቱን መላክ ይጠበቅበታል። እስከዚያ የተማሪነት ምዝገባችሁ አብቅቶ የዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ሊዘጋ ስለሚችል የግል ኢሜይላችሁን አስመዝግቡ፤ ሰነዱ በቀጥታ ለአገር ቤቱ ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር እንዲላክም በጽሑፍ ጠይቁ። የእያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝር፣ ማለትም ይዘቱን፣ የኢሲቲኤስ (የአውሮፓ የትምህርት ክሬዲት) ብዛቱንና የፈተናውን ዓይነት የያዘውን ገጽ መግቢያችሁ ሳይዘጋ አውርዱ። ዲፓርትመንቱ ኮርሱን ከራሱ ኮርስ ጋር የሚያስተያየው በዚህ ነው። ኢሲቲኤስ ቤት ውስጥ የምታጠኑበትን ሰዓት ጭምር ስለሚቆጥር፣ ከክሬዲት አወር ጋር አንድ ለአንድ አይገጥምም።

ከሁሉ የከፋው መደናገር ያለው ውጤቱ ላይ ነው። ጀርመን ውስጥ 1.0 ከሁሉ የበለጠው ነው፤ 4.0 ለጥቂት ያለፈ፣ 5.0 የወደቀ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ 4.0 ማለት ኤ ነው። መግለጫ ሳይያያዝበት የገባ ትራንስክሪፕት 1.3 ያመጣውን ጎበዝ እያስገሠጸ፣ 3.7 ያመጣውን ሊያስመርቅ ነው። በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ ውጤትን ለመለወጥ የሚሠሩበት የተሻሻለው የባቫሪያ ቀመር አለ፤ እሱን ገልብጦ መጠቀም ይቻላል። የእኛ ማለፊያ 2.0፣ ከፍተኛው 4.0 ነው ብንል፦ ከ1.3 ላይ 1 ሲቀነስ 0.3 ይሆናል፤ በ2 ተባዝቶ ለ3 ሲካፈል 0.2፤ ይህ ከ4.0 ሲነሳ 3.8 ይቀራል። በዚሁ ስሌት 3.7 የነበረው 2.2 ይሆናል። የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው የአገር ቤቱ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ነገር ግን የጀርመኑን የውጤት መግለጫ አያይዞ የቀረበና ባዶውን የቀረበ እኩል አይስተናገዱም።

ወደ ክፍሉ እንምጣ። የተማሪ ማደሪያ ውል ብዙውን ጊዜ በተቆረጠ ቀን ያልቃል። ከግለሰብ የተከራየ ግን መልቀቂያውን በጽሑፍ፣ ፈርሞ፣ ከሦስት ወር በፊት ነው የሚያስገባው፤ የወሩን ሦስተኛ የሥራ ቀን ካሳለፈ አንድ ወር ይጨምርበታል። ለዋስትና የተያዘው ገንዘብ እስከ ሦስት ወር ኪራይ ሊደርስ ስለሚችል በርክክቡ ቀን ዋዛ የለም። አንደኛው ማስቀነሻ ውሃው በሻወሩና በቧንቧው ላይ ጥሎት የሚሄደው ነጭ ቅርፊት፣ እነሱ ካልክ የሚሉት ነው። ከሱፐርማርኬት የሲትሪክ አሲድ ዱቄት ገዝታችሁ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፣ ቅቡት፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቃችሁ እጠቡት። ቀዝቃዛ መሆኑ ለከንቱ አይደለም፤ ሲትሪክ አሲድ ሲሞቅ ከካልኩ ጋር ሆኖ በቀላሉ የማይለቅ ሌላ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል። ማቀዝቀዣውን ከርክክቡ አንድ ቀን ቀድማችሁ ነቅላችሁ በረዶው ይቅለጥ። ቁልፍ የጠፋበት ሰው እስከ መጨረሻው ቀን አይደብቅ፤ የሕንፃው በር ሁሉ በአንድ ሥርዓት የሚከፈት ከሆነ ዕዳው የአንድ ቁልፍ ዋጋ ብቻ ላይሆን ይችላል። የርክክብ ቅጹ ላይ ሁለታችሁም ፈርማችሁ፣ የቆጣሪው ቁጥርም ተጽፎበት፣ ፎቶ አንሱት።

ከነዋሪነት መዝገብ መሰረዝ፣ አብሜልዱንግ የሚባለው፣ ከክፍያ ነፃ ነው፤ ከመልቀቂያው ቀን አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ እስከ ሁለት ሳምንት በኋላ ባለው ጊዜ ይከናወናል። የሚሰጣችሁ ማረጋገጫ ለሌላው ሁሉ ቁልፍ ነው፤ የጤና መድኑም፣ የኢንተርኔት ውሉም፣ የታገደው ሂሳብ ላይ የቀረው ገንዘብም እሱን ይጠይቃሉ። የሬዲዮና ቴሌቪዥን ክፍያው፣ በወር 18.36 ዩሮ፣ ከመዝገብ ስለተሰረዛችሁ ብቻ አይቆምም፤ ለብቻው ማስታወቅ ግድ ነው። የሚቆመውም ካስታወቃችሁበት ወር መጨረሻ ቀደም ብሎ አይደለም፤ ስለዚህ መዘግየት በቀጥታ ብር ያስወጣል። ዶይችላንድ ቲኬት የሚባለው ወርሃዊ የትራንስፖርት ትኬት ያለው ደግሞ ወሩ በገባ እስከ 10ኛው ቀን ካልሰረዘ የሚቀጥለውን ወር ይከፍላል። መድኑ ሳይዘጋ ጥርሳችሁን ታዩ፤ መነጽር ለሚያደርግም ዓይን መመርመሪያው ጊዜ አሁን ነው።

የባንክ ሂሳቡን ግን አትዝጉ! ዋስትናው፣ የመድን ተመላሹ፣ የመጨረሻው ደመወዝ የሚገባው ከሄዳችሁ በኋላ ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ባንኩ የማረጋገጫ ኮዱን በጀርመኑ ስልክ ቁጥር የሚልክ ከሆነ፣ ካርድ ያልተሞላበት ሲም ሲሞት ገንዘባችሁ እያያችሁት ይታሰራል። ገና ጀርመን ሳላችሁ ማረጋገጫውን በስልክ ቁጥር ከሚሠራው ወደ ባንኩ መተግበሪያ አዛውሩ። ፖስታም እንዲሁ ነው፤ ስማችሁ ከፖስታ ሳጥኑ ላይ ከተነሳ ደብዳቤው ወደ ላኪው ይመለሳል። የምታምኑትን ጓደኛ አድራሻ አስመዝግቡ፣ ለእሱም የተፈረመ ውክልና ተዉለት።

ስንብቱስ? እኛ ዘንድ ተጓዡን የሚሸኙት ወዳጆቹ ናቸው፤ ጀርመን ውስጥ ግን ኬኩን ገዝቶ የሚመጣው ራሱ ተሰናባቹ ነው። ማንም ሽኝት ያላዘጋጀላችሁ ስለጠሉ አይደለም፤ ከእናንተ እየጠበቁ ነው። ላቦራቶሪ ወይም ኢንስቲትዩት ውስጥ የሠራ ሰው አርብ ከሰዓት የቡና ሰዓት ላይ አንድ ቅርጫት ነገር ይዞ ቢገባ ወግ ነው። ቡና ማፍላት የሚያምረው ካለ፣ የማደሪያ ክፍል ውስጥ ከሰልና ዕጣን አይታሰብም። ጣሪያው ላይ ያለችው የጭስ መቆጣጠሪያ ለዕጣን ምሕረት የላትም፤ ከእሳት አደጋ ጣቢያ ጋር የተያያዘች ከሆነች የእሳት አደጋ መኪናው ወጪ በእናንተ ላይ ሊመጣ ይችላል። የከሰሉ ጋዝ ደግሞ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይገድላል። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ መስኮት ከፍታችሁ ቁሉ፤ በጋ ከሆነም ማገዶ ማንደድ በተፈቀደበት መናፈሻ ይሁን፣ ዕጣኑም እዚያ ይጭሳል። ለፕሮፌሰሩ የምትሰናበቱበት ቀን የድጋፍ ደብዳቤ መጠየቂያም ነው፤ ሲቪያችሁን፣ የሠራችሁትን ሥራ በግማሽ ገጽ፣ የምታመለክቱበትንም ቀን ጽፋችሁ ስጡ። ከስድስት ወር በኋላ በኢሜይል የሚጠይቅን ተማሪ ፊት ማስታወስ ይከብዳል።

ከፍራንክፈርት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ቀጥታ ለሚበር ተማሪ በኢኮኖሚ የተለመደው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ እጅ ላይ ደግሞ 7 ኪሎ ነው፤ ቲኬታችሁ ላይ የተጻፈውን አረጋግጡ። አንዱ 27፣ ሌላው 19 ሆኖ ድምሩ ቢሞላም የመጀመሪያው ትርፍ ኪሎ ነው። የእጅ ሚዛን ርካሽ ነው፣ ግዙ። ፓወርባንክ በእጅ ሻንጣ ብቻ ይገባል፤ 20,000 ሚሊአምፕ አወር ያለው 74 ዋት አወር ገደማ ስለሆነ ከ100ው ወሰን በታች ነው። አደራውን በተመለከተ ግን ጨክኑ። መጓዛችሁ ከተሰማ «ይቺን ብቻ ለእናቴ» የሚል ሦስት ሰው አይጠፋም። ታሽጎ የመጣን ዕቃ አትቀበሉ፤ ከፍታችሁ፣ ጨርቁን ዘርግታችሁ፣ የመድኃኒቱን ስም አንብባችሁ፣ መዝናችሁ ያዙ። ሰውየው ቅር ካለው ቅር ይበለው፣ ጉምሩክ ላይ የሚቆመው እሱ አይደለም። ተመሳሳይ አዲስ ዕቃ ደርድሮ መያዝም የግል መገልገያ ሳይሆን የንግድ ዕቃ ያስመስላል።

የመኖሪያ ፈቃዱ በሚያልቅበት ዕለት ትኬት አትቁረጡ። በረራ ይሰረዛል፤ በአንድ ቀን ያሳለፈ ሰው ደግሞ ለሚቀጥለው የሼንገን ቪዛ ማስረዳት ሊኖርበት ነው። ቢያንስ የአንድ ሳምንት ትርፍ ይኑራችሁ። በቪየና ወይም በሮም የሚሄድ ከሆነ ከሼንገን የሚወጣው እዚያ እንጂ ጀርመን ላይ አለመሆኑንም ያስብ። ከሌላ ከተማ በባቡር የሚመጣ፣ የጀርመን ባቡር መዘግየት ወሬ ብቻ ስላልሆነ፣ በስሌት ከሚበቃው ባቡር በሁለት ሰዓት የሚቀድመውን ይያዝ። የፍራንክፈርት ኤርፖርት የረጅም ርቀት ባቡር ጣቢያ ከተርሚናል 1 ጋር በመተላለፊያ ይገናኛል።

ሥራ የሠራ ተማሪ አንድ ነገር ይቀረዋል። ከደመወዝ የተቆረጠ የገቢ ግብር ካለና የዓመቱ ገቢ ከግብር ነፃ ከሆነው በታች ከሆነ፣ ማለትም በ2025 ከ12,096 ዩሮ፣ ማስታወቂያ አስገብቶ ማስመለስ ይቻላል፤ በፈቃደኝነት ለሚያስገባ አራት ዓመት ጊዜ አለው። የግብር ቢሮው ድረ ገጽ ኤልስተር የመክፈቻ ኮዱን በፖስታ ወደ ጀርመን አድራሻ ስለሚልክ፣ ምዝገባውን ከመሄዳችሁ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ ጀምሩ። የጡረታ መዋጮም ተቆርጦ ከሆነ፣ ከአምስት ዓመት በታች የከፈለ ኢትዮጵያዊ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ሆኖ 24 ወር ካለፈው በኋላ የራሱን ድርሻ እንዲመለስለት ማመልከት ይችላል። የጡረታ መድን ቁጥሩ ያለበትን ወረቀትና የደመወዝ ማስረጃውን ፎቶ ብቻ አንስቶ መጣል አይበጅም፤ ዋናውን ከፓስፖርቱ ጋር በእጅ ሻንጣ ይያዘው።